የግራዝማች ጢም ሴት ናት ያልኩ ዕለት

ይህን የሚያነብ ጢማም ሰው ካለ አስቀድሞ ጢሙን በእጁ ያዝ ያድርግ። ነገሬ ዞሮ ዞሮ ጢም ላይ ያርፋልና በኋላ «ሳላስበው ተሰደብኩ» ብሎ እንዳይከሰኝ። እኔ በአንድ ሰው ጢም የተነሳ ሌባም መተተኛም ተብዬ ልቀር ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ፣ የራሴም ጢም ሸብቶ፣ ንዴቱ ዛሬም ከምሳ በኋላ እንደ ቃር ይመጣብኛል።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ እዚሁ ፎገራ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሩዝ የሚባል ነገር አናውቅም፤ ሜዳው የከብት ነበር። የአጥቢያችን የቁሐር ሚካኤል ከብት ጠዋት ሲሰማራ ጣና ራሱ «ውሃ ከምሆን ሣር ብሆን ይሻለኝ ነበር» ብሎ የሚመኝ ይመስላል። እኔ ሃያ ዓመት የሞላኝ ጎረምሳ ነኝ። ደብረ ታቦር ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ተመልሻለሁ፤ ስለዚህም በአገሬው ዓይን ለእርሻ የተበላሸሁ፣ ለሹመት ያልደረስኩ ሰው ነበርኩ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ትምህርቱን ጨረሰ» ስትል፣ ጎረቤት «ትምህርቱስ እሱን አልጨረሰውም ወይ?» ይላታል።

በዚያ ዓመት ፈረንሳዮች መጡ። የርብንና የጉማራን ውሃ የሚለኩ መሐንዲሶች ናቸው ተባለ። ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን ሜዳው መካከል ተክለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዩ፣ ሽማግሌዎቻችን «አገር ለማየት ዓይኑን የሚጨፍን ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን አስተርጓሚ ፈለጉ። ፎገራን የሚያውቅ፣ ፈረንሳይኛም የሚሞክር ሰው ካለ በሰኔ መጨረሻ፣ ሰኞ ዕለት ጎንደር ቀርቦ ይፈተን አሉ። ሥራው ደመወዝ አለው፤ ላንድሮቨር ላይ መቀመጥ አለው፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ጫማም አለው። እኔን የገደለኝ ጫማው ነው። የፎገራን ጭቃ የረገጠ ሰው ይፈርድልኛል።

ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወረታ ገበያ ዳር ተቀምጦልናል። አያ ደምሴ ልብስ ሰፊ ነው። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ወርዶ የባቡር ወንበር ልብስ ሲሰፋ ስለኖረ፣ ሲመለስ ደምሴ ባቡር ተባለ። እኔም ከጥር ጀምሮ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብዬ ተማርኩ። ቃሉ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ የቃሉ ጾታ ነው። ፈረንሳይ ዘንድ ግዑዝ የሚባል ነገር የለም። ማንኪያው፣ ሚስማሩ፣ ጭሱ፣ ሁሉም ወይ ወንድ ነው ወይ ሴት። ወንዱን «ለ»፣ ሴቷን «ላ» እያልክ ካላስቀደምክ ነገርህ ሁሉ ይበላሻል። እኛም በእርግጥ «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ «መኪናዋ ተበላሸች» እንላለን። ነገር ግን «መኪናው ተበላሸ» ስላለ እንጀራው የተዘጋበት ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ሕዝብ ሥራ ቢፈታ ነው እንጂ ሚስማርን ምን ብሎ ይድረዋል?

አያ ደምሴ ግን አንድም ቀን ሲቸገር አላየሁትም። «አያ ደምሴ፣ መርፌስ?» ስለው እግሩን ከስፌት መኪናው ያነሳል፤ ወደ ጣሪያው ቀና ይላል፤ ክሩን በጥርሱ ይበጥስና «ወንድ» ይላል። «ጨርቅስ?» ቀና ይላል። «ሴት።» ለሙከራ ብዬ ከሦስት ወር በኋላ መልሼ ብጠይቀው መርፌ ያው ወንድ፣ ጨርቅም ያቺው ሴት ናት። እንዲህ ያለ የጸና ሰው መምህር ሆኖልኝ ምን ልፍራ?

የእኔ ችግር መሸምደዱ ነበር። ቤት ስደርስ ወንዱና ሴቷ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ሠርግ ቤት ሰው ይደባለቁብኛል። መላው የመጣልኝ ከደጃችን ነው። የቁሐር ከብት ከሜዳ ሲመለስ በአንዲት ጠባብ የጭቃ መሻገሪያ ላይ አንድ በአንድ ያልፋል። እኔ ከመሻገሪያው ራስ ላይ እቆማለሁ። በሬ ወይም ኮርማ ሲያልፍ በጣቴ ጠቁሜ አንድ የወንድ ቃል እጠራበታለሁ፤ ላም ወይም ጊደር ስታልፍ አንድ የሴት ቃል። ከብት ተራ አያውቅም፤ ሁለት ላም አከታትሎ አንድ ወይፈን፣ ከዚያ እንደገና አምስት ላም ያመጣብሃል። ከዚህ የበለጠ ፈታኝ ፓሪስም የለ። ምላሴ በጥቂት ሳምንት ተፈታ። ጎላ ጎላ ያሉትን ቃሎች ደግሞ ለየከብቱ በስም አደልኳቸው። ድልድይን ለአንዲት ቦቃ ላም ሰጠኋት። ጭቃን፣ አያ ደምሴ ወንድ ነው ስላለኝ፣ ለግራዝማች ተድላ ኮርማ ሰጠሁት።

ጥፋቴ ይኸው ነው። ሌላ ቢኖር እዚሁ እናገረው ነበር።

የግራዝማች ኮርማ መብረቁ ይባላል። ሻኛው ከትከሻው ላይ ተነስቶ ደመና ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። ሲያጓራ ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ የተነከረ በሽተኛ ሳይድን ይወጣል ይባላል። ግራዝማች ተድላ ደግሞ የኮርማው ታላቅ ወንድም የሚመስሉ፣ ጢማቸው ደረታቸውን የሸፈነ፣ ስድስት ጊዜ በተነገረ ቀልድ ሰባተኛው ላይ እንኳ የማይስቁ ሰው ናቸው። ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ማታ መብረቁ ቤቱ አልገባም። ሐሙስ ጠዋት አውጫጭኝ ተጠራ።

አውጫጭኝን የማያውቅ የዛሬ አንባቢ ይኖራልና ልንገረው። ከብት ሲጠፋ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ለመኝታ ካልሆነ በቀር ሌባው እስኪታወቅ ማንም አይለቀቅም፤ ከአጥቢያው ሹልክ ያለ ሌባው እሱ ነው። ሽማግሌዎች ሰዉን አንድ በአንድ ፈቀቅ አድርገው ያስምሉታል፤ እሱም የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። «ከማን ሰማህ?» ሲባል «ከወፍ» ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። እስቲ ተመልከቱልኝ። ከሳሽህ ወፍ ናት፤ ቃሏ ሹክሹክታ ነው፤ አንተ ግን ከነአባትህ ስም መሬት ላይ ተዘርፍጠሃል።

ጊዜው ደግሞ ሰኔ ነው። እርሻው እየጠራ፣ በሬው ተጠምዶ መዋል ሲገባው፣ የቁሐር ገበሬ ገሳውን ደርቦ በካፊያ ውስጥ ሾላ ሥር ተቀምጦ ይውላል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም እውነተኛውን ሌባ ይፈልግ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማንኛውም ሌባ ይበቃዋል።

ዓርብ ከቀትር በኋላ የአጥቢያው ጭቃ ሹም ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነሱ።

«ይግዛው» አሉኝ፣ «ወፍ አንተን ጠርታለች።»

«ምን ብላ፣ ጌታዬ?»

«ማታ ማታ መሻገሪያው ላይ ቆሞ በከብታችን ላይ ይደግማል ብላ። በጣቱ እየጠቆመ ባልታወቀ ስም ይጠራቸዋል ትላለች። የግራዝማችን ኮርማ ከሁሉ አብልጦ ሲጠራው ታይቷል። ጠራው፣ ጠራው፤ ኮርማው ሄደ።»

አጠገቤ የተቀመጠው የአክስቴ ባል ገሳውን ሰብስቦ ፈቀቅ አለ። ትናንት ከእኔ ጋር አንድ ቆሎ ሲቆረጥም የዋለ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውም እንደሱ ተንፏቀቀ። በአንድ ትንፋሽ ጊዜ ውስጥ ዙሪያዬ ጎጆ የሚሠራበት ባዶ ቦታ ሆነ። እኔም ተነስቼ የምደግመው ድግምት ሳይሆን ፈረንሳይኛ መሆኑን፣ ወንዱን ከሴቷ ለመለየት በከብቱ መለማመዴን፣ ሰኞ ፈተና እንዳለብኝ፣ ለዚያም ነገ ቅዳሜ ከወረታ ገበያ የሚነሳው መኪና እንዳያመልጠኝ አስረዳሁ። ስናገር ራሴንም ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር እኔ ሽማግሌ ብሆን ኖሮ እኔን አላምነኝም ነበር። ሌባ ኮርማ ሲሰርቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ቅዳሜ የሚነሳ መኪና ነው።

ግራዝማች ጢማቸውን ከላይ እስከ ታች አንዴ ዳሰሱት።

«ኮርማዬን ምን ብለህ ነበር የጠራኸው?»

«ይቅርብዎ ጌታዬ።»

«ምን ብለህ?»

«ጭቃ» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ግራዝማች አልሳቁም፤ ነግሬያችኋለሁ። ጭቃ ሹሙም ነገሩ ቅዳሜ ይለያል፣ እስከዚያ ግን ከዓይናችን እንዳትርቅ ብለው አሰናበቱን። ወደ ቤት ስሄድ ሁለት ሰው ከኋላዬ ይከተለኛል። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሰምታለች። የነገረቻት ደግሞ ያቺው ወፍ ሳትሆን አትቀርም፤ ለካ ወፏ ለሁሉም ትናገራለች፣ ለእኔ ብቻ ነው የማትናገረው። እናቴ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቋንቋስ ቋንቋ ነው፤ ምን ባደረግንህ ነው የሰው ኮርማ ላይ የምትማረው?»

ቅዳሜ ጠዋት ከሾላው ሥር ስንሰበሰብ አንዳንዱ ጎረቤቴ ፊቱን ወደ እርሻው አዙሮ ተቀምጧል። ፍርዱ አልቆ በሬውን ለመጥመድ የቸኮለ ሰው ፊት ነው። እኔ ጆሮዬን ወደ ወረታ መንገድ ጥያለሁ። የጭነት መኪናዋ፣ ትሬንታ ኳትሮዋ፣ ስትነሳ የምታሰማው ጩኸት ሜዳውን አቋርጦ ይሰማል፤ ያ ጩኸት ከተሰማ የእኔ ነገር አበቃ።

ያዳነኝን ሐሳብ ያመጡት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው እንዲህ አሉ፦

«ድግምት መንገዱ አንድ ነው። ከመካከሉ ቢነኩት ይፈርሳል። ትምህርት ግን ከየትም ቢጠይቁት ይመልሳል፤ መምህርም አለው። ይህ ልጅ ተማርኩ ካለ መምህሩ ይምጣ። ሁለቱን እንደ ምስክር ለየብቻ እንጠይቅ። ቃላቸው ከገጠመ ተምሯል። ካልገጠመ ግን የፈጠረው ነው።»

ሰዉ ተስማማ። አያ ደምሴ በበቅሎ ተፈልጎ መጣ። ከልብስ ስፌቱ ላይ ስላነሱት የመለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እንድንነጋገር አልፈቀዱልንም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ወስደው አስቀመጡት፤ ሲያልፍ ግን ዓይን ለዓይን ተያየን። የአያ ደምሴ ዓይን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ምን ውስጥ ከተትከኝ?» መቼም ጀግና አይደለም። ወረታ ላይ ውሻ ሲጮህ ከመቀሱ ጋር ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ሰው ነው።

መሪጌታ አንድ ቁርበት አስነጠፉ። ለወንድ ጠጠር፣ ለሴት የሣር ሰበዝ ይቀመጥ አሉ። የፈረንጁ ቃል አይጠራም፣ ወንድ ወይም ሴት ብቻ ይባል፤ ድግምት ካለበትም በዚህ ይቋረጣል። ከዚያ ዙሪያቸውን ተመለከቱና ዓይናቸው ያረፈበትን ሁሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ሞፈርስ?»

 ሞፈርን አልተማርነውም። ፈረንሳይ ሞፈርን ምን ብሎ እንደሚጠራው እኔም አያ ደምሴም አናውቅም። ወዴት ልግባ? ቀና ብዬ የሾላውን ቅርንጫፍ አየሁ። አያ ደምሴ ጣሪያውን ሲያይ እንደሚያደርገው ማለቴ ነው። ስድስት ወር አጠገቡ ተቀምጬ ኖሮ የእሱ ዓይን የእኔም ዓይን ሆኖ ነበር መሰለኝ፣ መልሱ ከቅርንጫፉ ላይ ወረደልኝ።

«ወንድ።»

ጠጠር ተቀመጠ። ጎተራ? ሴት። ሣር። ጦር? ወንድ፤ በዚህ ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። አልጋ? ሴት። ማጭድ? ወንድ። ቁልፍ? ወንድ። ልብስ? ሴት። ቁርበቱ ላይ ሰልፍ ተሠራ። ሰዉም ሳያውቀው ወደ ነገሩ ገባ። አንዱ «ማጭድ እንዴት ወንድ ይሆናል፣ ጎብጣ የለም ወይ» ሲል፣ ሌላው «ጎባጣ ወንድ አይተህ አታውቅም? አባትህስ?» አለው። ሁለት ቀን ሌባ ሲፈልግ የዋለ አጥቢያ ማጭድ ሊድር ተነሳ።

መሪጌታ ቁርበቱን ሊያስነሱ ሲሉ ግራዝማች ተድላ ብድግ አሉ።

«እኔም አንድ ልጠይቅ።» ጢማቸውን በሙሉ እጃቸው ጨበጡት። «ይህስ?»

ካፊያው ራሱ ያቆመ መሰለኝ። ጢምን ተምረናል። አያ ደምሴ ጣሪያውን አይቶ፣ ክሩን በጥሶ፣ «ሴት» ብሎኛል። አሁን ግን ያ ጢም ከፊቴ ቆሟል። የአገሩ ሕፃን ሁሉ የሚፈራው ጢም ነው፤ ግራዝማች ሲምሉ «ይህን ጢም ያስላጨኝ» ይላሉ። ወንድ ነው ብል ደስ ይላቸዋል፤ ሰዉም እፎይ ይላል። ነገር ግን አያ ደምሴ ከአጥሩ ጀርባ ሴት ካለ የመጨረሻው ጠጠር ከሣር ጋር ይጣላል፤ እኔም ሌባ እሆናለሁ። ሴት ናት ብልስ? ያ ውሻ የሚፈራ ሰው ይህን ጢም ፊት ለፊት ሲያየው ቃሉን አጥፎ «ወንድ» ቢልስ? ያው ሌባ ነኝ፤ በዚያ ላይ ተሳዳቢ።  አያ ደምሴ መሰላልም፣ ውሻም፣ ሚስቱንም እንደሚፈራ አውቃለሁ። አንዴ የተናገረውን ጾታ ሲለውጥ ግን አላየሁትም።

«ሴት ናት» አልኩ።

ግራዝማች ሣሩ ሲቀመጥ ከላይ ሆነው ተመለከቱት። ከዚያ ቁርበቱ በነጠላ ተሸፍኖ ወደ አጥሩ ተወሰደ፤ ሽማግሌዎቹም ሄዱ፤ ግራዝማችም ዱላቸውን ይዘው ተከተሉ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ከወረታ በኩል ትሬንታ ኳትሮዋ ሞተሯን ስታሞቅ ሰማሁ። አሽከርካሪው ሰው እስኪሞላለት ጥሩምባውን አንዴ ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። የተቆጣሁትን ቁጣ በቃል አልገልጸውም። እኔ እዚህ የምቀመጠው ወፍ ስለተናገረች፣ ኮርማ ስለጠፋ፣ አንድ ሩቅ ያለ ሕዝብም ጢምን ለሴት ስለዳረ ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም አጠገቤ የሉም።

ተመለሱ። መሪጌታ ቁርበቱን መሬት ላይ አኖሩና ነጠላውን ገለጡት። ሁለት ሰልፍ፤ ከላይ የእኔ፣ ከሥሩ የአያ ደምሴ። በጠጠሩ ሥር ጠጠር፣ በሣሩ ሥር ሣር። ዓይኔን ወደ መጨረሻው ጫፍ አደረስኩት፤ ሣር አለ፤ ከሥሩም ሣር አለ።

በኋላ እንደሰማሁት ግራዝማች ሄደው አያ ደምሴ ፊት ተደቅነው ጢማቸውን ጨብጠው ጠየቁት። አያ ደምሴ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ የሚበጥሰው ክር ስለሌለው ሜትሩን ነከሰ፤ ከዚያ «ሴት» አለ።

መሪጌታ «ገጥሟል» አሉ። ሰዉ ግን ፍርዱን ከግራዝማች ፊት ላይ ነበር የሚጠብቀው። ግራዝማች ጎንበስ ብለው ሁለቱን የሣር ሰበዞች አዩ።

«ሊያመልጥ የሚሻ ሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «ጢሜን ሴት አይልም። ልቀቁት።»

ለቀቁኝ። ሮጬ ወረታ ስደርስ ትሬንታ ኳትሮዋ መንቀሳቀስ ጀምራ ነበር፤ ጆንያ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። እስከ ጎንደር ድረስ ኑግ ላይ ተኝቼ ስሄድ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። በግራዝማች ጢም ፊት ያልተንበረከከ ፈረንሳይኛ በማንም ፊት አይንበረከክም።

ሰኞ ጠዋት መሐንዲሱ ፊት ቀረብኩ። ቀጭን፣ ጢም የሌለው ሰው ነው። «ክረምት ሲገባ በአገራችሁ ምን ይሆናል?» አለኝ። ይህማ የእኔ ጥያቄ ነው። ዝናቡ ከጉና እንደሚወርድ፣ ወንዙ ከአፉ እንደሚተርፍ፣ ሐይቁ ወደ ሜዳው እንደሚመጣ፣ ድልድዩ እንደሚሸፈን፣ ጭቃውም ከብት ይዞ እንደሚያስቀር፣ ለእያንዳንዱ «ለ»ውንና «ላ»ውን እየሰጠሁ እንደ ጅረት አወረድኩት።

መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ አፉን ያዘ። ድልድይ ላይ ስደርስ ተነስቶ በሩን ከፈተና ሌሎቹን ጠራቸው፤ «እባክህ ከመጀመሪያው ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ጭቃ ላይ ስደርስ አንደኛው ግድግዳውን ተደግፎ እንባውን ይጠርግ ነበር። ለካ ዝናብ ሴት ናት። ወንዝም ሴት። ሐይቅ ወንድ። ድልድይ ወንድ። ጭቃ፣ ያ ለኮርማው የሰጠሁት ጭቃ፣ ሴት። በእኛ አፍ ቢሆን «በሬዋ ወለደች፣ ላሙ አረሰ» እያልኩ ነበር ማለት ነው። አንድም አላገኘሁም።

«አልገባኝም» ብሎ ቢሆን ኖሮ እሺ እል ነበር። ገብቶታል! ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ውሃው የት እንደሚደርስ፣ ላንድሮቨሩ የት እንደሚሰምጥ የነገርኩትን ሁሉ በካርታው ላይ በእርሳስ አስፍሯል። እርሳሱን ካስቀመጠ በኋላ ነው ሥራው ለአዲስ አበባ ልጅ መሰጠቱን የነገረኝ። ያ ልጅ ጭቃ ሴት መሆኗን ያውቅ ነበር፤ የት እንደምትይዝ ግን አያውቅም። በነሐሴ ላንድሮቨሩን ከሻጋ ሜዳ ያወጡት የቁሐር በሬዎች ናቸው። ባየሁት ጊዜ ያን የጎማ ጫማ አድርጎ ቆሟል። ሌላ አልጨምርም።

ወደ ወረታ ስመለስ ሁለት ወሬ ጠበቀኝ። አንደኛው የመብረቁ ነው። ኮርማው አልተሰረቀም። ርብ ሳይሞላ ተሻግሮ ይፋግ በኩል ከሰው ላሞች መካከል ተገኝቷል፤ ማንም ሳያስተምረው ወንድነቱንና ሴትነታቸውን ለይቶ። «ይግዛው፣ በድለንሃል» ያለኝ ሰው አልነበረም። ወፏም እስከ ዛሬ ድምጿን አላሰማችም።

ሁለተኛው የአያ ደምሴ ነው። ንዴቴን ይዤ ስገባ ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ፈረንሳይኛው በአውጫጭኝ የተመሰከረለት ሰው ሆኖ ልብስ የሚያሰፋው ተሰልፏል። ሰዉን አስወጥቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዝናቡን፣ ድልድዩን፣ ሳቁን።

«አያ ደምሴ፣ ይህን ከማን ተማርከው?»

የስፌት መኪናውን አቆመ። «ማን ያስተምረኛል? ድሬዳዋ ላይ ‹ለ›ም ‹ላ›ም ሲሉ እሰማለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የነገረኝ የለም። ታዲያ ሰው ያልተለየ ነገር ይዞ ይኖራል? ራሴ ለየሁት። የሚሠራ ሁሉ ወንድ ነው፤ የሚሠራበት ሴት ናት። መርፌ ይሠራል፤ ጨርቅ ይሠራበታል። ዝናብ ይሠራል፤ ድልድይ ይረገጣል።»

«ጢምስ?»

«ጢም ምን ሥራ አለው? ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ ይቀመጣል።»

እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ቆይቼ መዝገበ ቃላት ያለው ሰው አግኝቼ ስጠይቅ፣ በዚያ ሾላ ሥር ከተናገርነው ሁሉ ልክ ሆኖ የተገኘው ጢም ብቻ ነው። ጢም በእርግጥም ሴት ናት። ግራዝማች አርፈዋልና ዛሬ ብናገረው ግድ የለም።

«ሁሉም ስህተት ነው» አልኩት ያን ዕለት። «ፈረንሳዩ ራሱ ስህተት ነው ብሏል።»

አያ ደምሴ ወደ ጣሪያው ቀና አለ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«እኔና አንተ ለየብቻ ተጠይቀን ቃላችን አንድ ሆነ። የቁሐር ሽማግሌ በሙሉ አይቷል። ፈረንሳዩስ ስንት ምስክር አለው?»

ንዴቴን እንደያዝኩ ወጣሁ። 

እንግዲህ አንባቢዬ፣ እኔ አስተርጓሚ ሳልሆን ቀረሁና ነገረ ፈጅ ሆንኩ። ለዚህ የዳረገኝ ያ ቁርበት ነው። ጠጠር በጠጠር ሥር፣ ሣር በሣር ሥር ሲገጥም ሰው ሁሉ «እውነት ወጣ» ብሎ ወደ እርሻው ይሄዳል። እኔ ነፃ የወጣሁት እውነት ስለተናገርኩ አይደለም፤ ከአንድ ሰው ስህተት ጋር በሙሉ ልቤ ስለተስማማሁ ነው። ያን ቀን ለእኔ በጎ ሆነ። በሌላው ሰው ላይ ግን ስንት ጊዜ እንዲሁ ገጥሞ ስንቱን እንዳስበላ ሳስብ ቃሬ ይነሳል።

ስለዚህ ችሎት ፊት ሁለት ምስክሮች ቀርበው ቃላቸው ፊደል ሳይዛነፍ አንድ ሲሆን፣ ዳኛው ራሱን ሲነቀንቅ፣ ተቃራኒዬም ፈገግ ሲል፣ እኔ ተነስቼ የምጠይቃቸው ጥያቄ አንድ ነው። የወረታ ሰው ስለለመደው አይስቅም፤ አዲስ ዳኛ ሲመጣ ግን ያበድኩ ይመስለዋል።

«ለመሆኑ» እላቸዋለሁ፣ «ልብስ ሰፊያችሁ ማን ነው?»